አዳማ ላይ ኮንቨርቲብል፦ የሚታጠፍ ብረት ጣራ ወይስ ሸራ?

ጌዳ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ጣራቸው የሚከፈት (ኮንቨርቲብል) ሁለት መኪና እያማረጥኩ ነው። አንደኛው መርሴዲስ ኤስኤልኬ 200 ኮምፕሬሰር፣ አር171 የሚባለው፣ የ2006 ስሪት ነው፤ ጣራው ብረት ሆኖ እየታጠፈ ከኋላ ኮፈን ስር የሚገባው። ሁለተኛው ቢኤምደብሊው ዜድ4 2.5፣ ኢ85፣ የ2005 ስሪት፣ ባለ ሸራ ጣራ። ሁለቱም አውቶማቲክ ናቸው፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው።

መኪናው የሚያድረው አዳማ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከላይ ግን ጥላ የለውም። በኤክስፕረስ ዌዩ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ኮብልስቶንና ስፒድ ብሬከር ይጠብቀዋል። አቧራውንና ንፋሱን የአዳማ ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለው ምርጫ አገር ውስጥ የገባው ብቻ ስለሆነ፣ ገዝቼ ካልተስማማኝ በሌላ መለወጡ ቀላል አይሆንም።

ማወቅ የምፈልገው ብረት ጣራው በእርግጥ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያስከፍል፣ ሲበላሽ እዚህ ሊሠራ መቻል አለመቻሉን፣ ከመግዛቴ በፊትም ምኑን ምኑን ማየት እንዳለብኝ ነው። «ቆንጆ መኪና ነው፣ ውሰደው» የሚለው መልስ ይቅርብኝ፤ እሱን ደላላው ነግሮኛል።

ኪያቤ_13

አንተ እንደምትለው አጠቃቀም ከሆነ ብረቱ ይሻልሃል፤ ያ ኤስኤልኬ ራሱ ጤነኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ማለቴ ነው። የተበላሸ ብረት ጣራ ከተቀደደ ሸራ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ጥቅሙን አላስረዝመውም። ጣራው ሲዘጋ መኪናው እንደ ኩፔ፣ ማለትም ቋሚ ጣራ እንዳለው ባለ ሁለት በር መኪና ነው፤ በምላጭ አይቀደድም፣ ፀሐይ አያነጣውም፣ ዝናብ ሲመታው ድምፁ እንደማንኛውም መኪና ነው። ኤክስፕረሱ ላይ በ110 እና በ120 ስትነዳ ልዩነቱ ይታወቃል። ከአዳማ መውጫ ያለው የጎን ንፋስ ቀላል አይደለም፤ አዳማ 1 (51 ሜጋ ዋት) እና አዳማ 2 (153 ሜጋ ዋት) የንፋስ ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያረጀና የላላ ሸራ በዚያ ንፋስ ሲርገበገብ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር መጮህ ግድ ይሆንብሃል።

ኪሳራው ከዕቃ ቦታው ይጀምራል። አር171 ጣራው ዝግ ሲሆን 300 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ሲከፈት 208። የበፊቱ አር170 ከ348 ወደ 145 ነበር የሚወርደው፤ ስለዚህ መርሴዲስ እዚህ ላይ አሻሽሏል። ሆኖም 208 የሚለው ቁጥር አያታልልህ። የታጠፈው ጣራ ከላይ ተኝቶ ስለሚቀመጥ ከስሩ የሚቀርህ ጠፍጣፋ ክፍተት ነው። ለስላሳ የትከሻ ቦርሳ ይገባል፤ ጠንካራ ሻንጣ ግን አይገባም። በሌሎቹም ያው ነው፦ ከኢ85 በኋላ የመጣው ባለ ብረት ጣራ ዜድ4 (ኢ89) 310 ዝግ፣ 180 ክፍት፤ ባለ አራት መቀመጫው ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ (ኢ93) 350 እና 210፤ ፎልክስዋገን ኢኦስ 380 እና 205። ቅዳሜ ጣራ ከፍቶ ላንጋኖ፣ ከነሻንጣው፣ ለሁለት ሰው፤ ይህ የሚሆን ነገር አይደለም።

ክብደቱ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ኢ93 ሦስት ቁራጭ የብረት ጣራውና የወለል ማጠናከሪያው ተደምሮ ከኩፔው ወደ 200 ኪሎ ይበልጣል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 (ኤንሲ የሚባለው) ግን ከሸራው በ37 ኪሎ ብቻ ነው የጨመረው፤ ጣራው ከፕላስቲክ ነክ ቁስ የተሠራ ነው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮሊክ የለውም፣ በኤሌክትሪክ ሞተር በ12 ሰከንድ ይታጠፋል፣ የዕቃ ቦታውም 150 ሊትሩን አይነካም። ከሁሉም በልክ የተሠራው እሱ ይመስለኛል፤ አንተ የያዝከው ምርጫ ግን እሱ አይደለም። በኤስኤልኬው ላይ ጣራው ዝግ ሲሆን ክብደቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲከፈት ወደ ኋላ ይሄዳል። ተራራ መንገድ ላይ አጥብቆ ለሚነዳ ሰው ይህ ይሰማዋል፤ ወደ ሸገር ቀጥ ብሎ ለሚመላለስ ሰው ግን አይሰማውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከኋላ የተመታ ብረት ጣራ መኪና በግማሽ ዋጋም ቢሰጥህ አትግዛ። ምክንያቱ ይኸውልህ። የኋላ ኮፈኑ በሁለት አቅጣጫ ይከፈታል፦ ዕቃ ስትጭን እንደማንኛውም መኪና፣ ጣራው ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኋላ። የጣራው ክንዶች፣ የኮፈኑ ማጠፊያዎችና መቆለፊያዎች ሁሉ የታሰሩት ከኋላው ቦዲ ላይ ነው። ተራ መኪና ሲመታ ላሜራ ሠሪው ያቃናዋል፣ ስቱኮና ቀለም ይሸፍነዋል፣ ሥራው አለቀ። እዚህ ግን የጥቂት ሚሊሜትር መዛባት ቁልፉ ጉድጓዱን እንዲስት ያደርጋል፤ ማይክሮ ስዊቹ (ጣራው የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚጠቁመው ትንሽ ስዊች) «ተዘግቷል» ብሎ አይነግርም፤ ኮምፒውተሩም ሥራውን እመሃል ላይ ያቆማል።

ስለዚህ ስታየው እንዲህ አድርግ። የኋላውን ወለል ምንጣፍ አንሳና ብየዳውን እይ፤ የፋብሪካ የነጥብ ብየዳ በእኩል ርቀት የተደረደረ ነው፣ የእጅ ብየዳ አይደብቅህም። በኮፈኑና በጎኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ በጣትህ እየለካህ አወዳድር። ሞተሩን አስነሳና ጣራውን ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ ዝጋ፤ በስልክህ ከጎን ቅረጸው። አር171 በ22 ሰከንድ አካባቢ መጨረስ አለበት። 30 እና 35 ከፈጀ ጣራውን የሚገፋው የሃይድሮሊክ ዘይት አንሶታል ወይም ፖምፓው ደክሟል። ቪዲዮውን ቀስ አድርገህ ስታየው አንዱ ጎን ቀድሞ ሌላው የሚጎተት ከሆነ በዚያ በኩል ጣራውን የሚገፋው ሲሊንደር ያፈሳል ወይም ክንዱ ተጣሟል። ከዚያ ነጭ ሶፍት ይዘህ የሚያብረቀርቁትን የሲሊንደር ዘንጎች ጥረግ። ሶፍቱ ላይ ስስ የዘይት ወዝ ቢታይ ችግር የለውም፤ ጠብታ ካለ ኦይልሲሉ (ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት) አልቋል።

ኦይልሲል የሚያልቀው በብዙ አጠቃቀም ብቻ እንዳይመስልህ። በዚያ ዘመን መርሴዲሶች የገባው ዓይነት በዕድሜ ብቻ ይሟሟል፤ ጋራዥ ቆሞ የከረመም ያፈሳል። አዳማ ላይ ደግሞ አቧራው አለ፦ ዘንጉ ላይ ያረፈ ደቃቅ አሸዋ ሲሊንደሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኦይልሲሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በየወሩ ጣራውን እኩሌታ ላይ አቁመህ ዘንጎቹን በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ማጽዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ያድናል።

ሠሪ አለ ወይ ላልከው፦ ሲሊንደሩ ከመኪናው ወጥቶ ከተወሰደ የሎደርና የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ የሚሠሩ ሰዎች ኦይልሲሉን ሊቀይሩለት ይችላሉ። መለኪያው ትንሽ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው። ዘንጉ ከተጫረ ግን ኦይልሲል መቀየሩ ጊዜ መግዛት ነው። ዘይቱን በተመለከተ አምራቹ ያዘዘውን የሃይድሮሊክ ዘይት ተጠቀም። የፍሬን ዘይት አይሆንም፤ በአንድ ቀን ባይሆን በወራት ሲሎቹን አሳብጦ ይጨርሳቸዋል። የካምቢዮ ዘይትም ምትክ አይደለም። ሁሉም የሚይዘው ከአንድ ሊትር ብዙም አይዘልም፤ መጠኑን ስታነብ ጣራው አምራቹ በሚለው አቀማመጥ ላይ ይሁን፤ ክንዶቹ ሲዘረጉ ዘይት ስለሚወስዱ ያለዚያ የምታነበው ውሸት ነው።

በነገራችን ላይ ከጣራው በፊት ሞተሩን አስመርምር። የኤስኤልኬው ኤም271 ሞተር ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ካንቋቋ ሰንሰለቱ ተለጥጧል። ፊት ለፊት ያሉት የካምሻፍት ማግኔቶች ዘይት አፍስሰው በሽቦው ውስጥ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ሊደርስ ስለሚችል ሶኬቱን ነቅለህ እርጥበት መኖሩን እይ።

ሸራ_ይበቃል

ኪያቤ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። አንድ ሲሊንደር ሲያፈስ ኤክስካቫተር ሠሪ ጋ፣ ሽቦ ሲበጠስ ኤሌክትሪሺያን ጋ፣ ማይክሮ ስዊች ሲሞት ሻርጃ የሚሄድ ዘመድ ፍለጋ። ሃያ ዓመት ገደማ በሆነው መኪና ላይ ይሄን ሁሉ መሸከም ለምን?

አምራቾቹ ራሳቸው ምን እንዳደረጉ እዩ። ቢኤምደብሊው ከኢ85 ሸራ ወደ ኢ89 የአሉሚኒየም ጣራ ሄደ፤ ከዚያ በ2018 አዲሱን ዜድ4 በሸራ መልሶ አወጣው። 4 ሲሪስ ኮንቨርቲብልም በ2020 ወደ ሸራ ተመለሰ። መርሴዲስ ኤስኤልን ከ2001 ጀምሮ በብረት ሲሠራ ቆይቶ በ2021 ወደ ሸራ መለሰው፤ የኤስኤልኬ ወራሽ የነበረው ኤስኤልሲ ደግሞ በ2020 ምርቱ ቆመ። ምክንያቱ ክብደት፣ ቦታና ዋጋ ነው፤ በዚያ ላይ ባለ ብዙ ንብርብር ሸራ ድምፅ የማፈን ችሎታው ስለተሻሻለ የብረቱ ብልጫ ቀንሷል። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ፔዦ በ1930ዎቹ ሠርቶታል፣ ፎርድ ከ1957 እስከ 1959 በስካይላይነር ሞክሮ ትቶታል። እየመጣ ይሄዳል። አሁን ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሊገባ የሚችለው ኤምጂ ሳይበርስተር እንኳ ባለ ሸራ ነው።

ኢ85 ሸራው በ10 ሰከንድ አካባቢ ይከፈታል፣ የኋላ መስኮቱ መስታወት ነው፣ ማሞቂያ አለው። ሸራው ቢቀደድ ወንበር የሚሰፉ ባለሙያዎች ጊዜያዊ ጥገና ያደርጉለታል፤ ሙሉ ሸራው በልኩ ተሰፍቶ የሚሸጥ ስለሆነ በሻንጣ ይመጣል። ብረት ጣራ በሻንጣ አይመጣም።

ግን ኢ85 አንድ ክፉ ነገር አለው፤ ሳታውቀው እንዳትገባበት። የጣራው ሃይድሮሊክ ሞተር የተቀመጠው ሸራው በሚታጠፍበት ጉድጓድ ታች፣ በግራ በኩል ነው። ከሸራው የሚወርደው ውሃ የሚፈስበት ቱቦ በዚያው ያልፋል። ቱቦው በቅጠልና በጭቃ ሲደፈን ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ሞተሩን ያሰጥመዋል። አዳማ ላይ ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ አቧራ ይሞላበታል፣ በሐምሌ አንድ ዶፍ ሲመጣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይደፍነዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሸራውን ግማሽ አንስተህ ጥጉ ላይ አንድ ሊትር ውሃ በቀስታ አፍስስ። በደቂቃ ውስጥ ከመኪናው ስር ካልወረደ ተደፍኗል። ሲጸዳ ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ይግባበት፤ በኮምፕሬሰር አየር አታስነፋው፣ ቱቦው ከውስጥ ይወልቅና ውሃው ከዚያ በኋላ ወደ ሳሎኑ ይሆናል።

ሞተሩ ቀድሞ ከሰጠመ ወይ ጭራሽ ዝም ይላል ወይ እያቃሰተ ይሠራል። ሲቀየር ወደ ዕቃ መጫኛው ወስዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሽቦና ቱቦ ማስረዘም ይጠይቃል፤ ለዘለቄታው ግን የሚሻለው እሱ ነው። ሻጩ «ጣራው እንኳን በእጅም ይዘጋል» ካለህ ሞተሩ ሞቷል ማለት ነው፤ ያንን ከዋጋው ቀንስ።

ጥላ የለም ያልከው ሸራውን ይጎዳዋል፤ ይሄን አልክድም። ፀሐዩ ያነጣዋል፣ መስታወቱን ከሸራው ጋር ያያያዘውን ሙጫ ያደርቀዋል። ስትገዛ በመስታወቱ ዙሪያ በአውራ ጣትህ ገፋ ገፋ አድርግ፤ ከተለቀቀ ይታወቅሃል። የመኪና ልብስ ማልበስ መፍትሔ እንዳይመስልህ፤ በዚህ ንፋስ ልብሱ ሲርገበገብ ከስሩ ያለው አቧራ ቀለሙን ይፍቀዋል። ከአራት ቋሚና ከቆርቆሮ የሚሠራ ጥላ ለሁለቱም ዓይነት ጣራ ይጠቅማል፤ ከጣራ ጥገናም ይረክሳል።

ሸራ ያለው ሰው አንድ ነገር ይልመድ፦ ከማጠፍህ በፊት አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ፤ ሸራው የሚበሳው ሁልጊዜ መታጠፊያው መስመር ላይ ነው፣ የሚበሳውም በተጠራቀመ አሸዋ ነው። እርጥቡንም አትጠፍ፤ ይሻግታል።

ኦቶ_ኤሌክትሪክ

ሁለቱም ስለ ዘይት አወሩ፤ «ጣራዬ አልሠራ አለ» ተብሎ ከሚመጣው ግን አብዛኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብልሽት እንኳ አይደለም።

ኤስኤልኬ ላይ መጀመሪያ የዕቃ መጫኛውን መጋረጃ እዩ። ጣራው ሲታጠፍ ዕቃ እንዳይደፈጥጥ የሚከፍል መጋረጃ አለ፤ ተስቦ ግራና ቀኝ መንጠቆው ላይ ካልገባ ስዊቹ አይጫንም፣ ጣራውም ንቅንቅ አይልም። መኪናው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። የኋላ ኮፈኑ በደንብ የተዘጋ ይሁን። ይሄን ሳያዩ ፖምፓ የሚያስፈቱ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ ባትሪ። የጣራ ፖምፓ በአስር የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሩ እመሃል ላይ ያቆመዋል። ሞተር ጠፍቶ ቴስተር ስታስገባ 12.6 አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ማንበብ አለብህ። ጣራው እየሄደ እያለ ለካ፤ ከ11.5 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ደክሟል። ሙቀትም አለ፦ ጣራውን ለጓደኛ ለማሳየት አምስት ስድስት ጊዜ ካመላለስከው ፖምፓው ራሱን ለመጠበቅ ይቆማል። ሩብ ሰዓት ተወው። በአዳማ ቀትር ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል።

አሁን ጆሮህን ተጠቀም። ቁልፉን ስትጫን ፖምፓው ዝም ካለ ችግሩ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ቁልፍ፣ ቮልቴጅ ወይም አንዱ ስዊች «ዝግጁ አይደለሁም» ማለቱ ነው። ፖምፓው ካጉረመረመና ምንም ካልተንቀሳቀሰ ዘይት አንሷል ወይም ቫልቩ አልተዘጋም። ትንሽ ሄዶ ከቆመ ደግሞ የት እንደሚቆም አስተውል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ስዊች ወይም ሽቦ ነው። ቦታው ከተቀያየረ ዘይት ወይም ቮልቴጅ ነው። ይህችን መለየት ብቻ ግማሹን ምርመራ ታስቀርልሃል።

ሽቦ ስል በተለይ ወደ ኋላ ኮፈኑ የሚያልፈው እሽግ ነው። ኮፈኑ በሁለት አቅጣጫ ስለሚከፈት ሽቦው ከማጠፊያው ጋር በእጥፍ ይተጣጠፋል፤ ከላስቲክ ቱቦው ውስጥ መዳቡ ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ግን ደህና ይመስላል። ምልክቱ፦ የታርጋ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኮፈኑ በሪሞት አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ እምቢ ይላል፣ ጣራውም አብሮ ይረብሻል። ሽቦውን በየተራ በቀስታ ሳበው፤ የተበጠሰው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲቀጠል በተጣጣፊ የሲሊኮን ሽቦ ይሁን፣ መገጣጠሚያው ከመታጠፊያው ይራቅ፣ ተበይዶ በሚጠብ ላስቲክ ይሸፈን። በፕላስተር ጠቅልሎ መልቀቅ እስከ ክረምት ብቻ ነው የሚያዘልቀው።

ርካሽ ስካነር ሞተሩን ብቻ ነው የሚያነበው። የጣራውን ክፍል የሚያነብ የመርሴዲስ ስታር ስካነር ወይም ሙሉ ሲስተም የሚያይ የላውንች ወይም የኦቴል ስካነር ያለው ሰው ፈልግ፤ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ስዊች ሲከፈትና ሲዘጋ በቀጥታ ይታያል። ኮድ ካነበቡ በኋላ አጥፍተው ደግመው ያንብቡት፤ ያረጀ ኮድና የዛሬ ኮድ አንድ አይደለም።

ንጹህ_ላቫጆ

እኔ የምጨምረው ስለ ጎሚኒዎቹ፣ መገጣጠሚያዎቹን ስለሚዘጉት ላስቲኮች ነው፤ ውሃ የሚያስገባው ጣራው ሳይሆን እነሱ ናቸውና። ብረት ጣራ ላይ መገጣጠሚያው ብዙ ነው፤ ኢኦስን ውሰዱ፣ አምስት ቁራጭ ነው፣ ጎሚኒው ከደረቀ ከየት እንደሚያንጠባጥብ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው።

ላቫጆ ስትሄድ ናፍጣ እንዳይረጩበት አስጠንቅቅ። ከስሩ ለብረቱ ብለው የሚረጩት ናፍጣ ጎሚኒው ላይ ሲደርስ ያሳብጠዋል፣ ቆይቶ ይቦጫጨቃል። ቫዝሊንና የሞተር ዘይትም እንደዚያው ናቸው። ከፍተኛ ግፊት ያለውን ውሃ ወደ መገጣጠሚያዎቹ በቀጥታ አታስደግን፤ ከአንድ ሜትር ወዲህ አይቅረብ።

በዓመት አራት ጊዜ እርጥብ ጨርቅ ይዘህ አቧራውን ጥረግ፣ አድርቀው፣ በጣትህ ስስ አድርገህ የሲሊኮን ግራሶ ቀባው። ስስ ነው ያልኩት፤ ወፍራም ግራሶ አቧራ ይለጥፋል። ከዚያ በሩን ወረቀት አስነክሰህ ዝጋና ወረቀቱን ሳብ፤ ሳይያዝ ሾልኮ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎሚኒው አይጫንም። ከፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ይሄን ደጋግመህ ሞክረው።

ጌዳ_ሰፈር

እግዜር ይስጥልኝ። ዜድ4ን ውሃ አፍስሼ ሞከርኩት፤ በቀኝ ወረደ፣ በግራ ግን እዚያው ቆመ። የጣራው ሞተርም ያቃስታል።

ኤስኤልኬው ከኋላ አልተመታም፣ ብየዳው የፋብሪካ ነው። ሲከፈት ያለችግር ሄደ፤ ሲዘጋ ግን ፊት መስታወቱ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ሻጩ ለቀቅ አድርጎ ደግሞ ሲጫነው ጨረሰ። ሦስቴም እዚያው ቦታ ላይ ነው የቆመው። ዘንጎቹ ደረቅ ናቸው፣ የኋላ ምንጣፉም ደረቅ ነው። ሌላው የገረመኝ ትርፍ ጎማ የሚባል ነገር የለውም።

ኦቶ_ኤሌክትሪክ

እዚያው ቦታ ከሆነ ስዊች ወይም ሽቦ ነው። ደግሞ ሲጫን መጨረሱም ፖምፓውና ዘይቱ ደህና መሆናቸውን ያሳያል። የፊት መቆለፊያው ጋ ያለው ስዊች ቆሽሾ ወይም ከቦታው ትንሽ ተንሸራቶ ይሆናል፤ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ ብቻ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ሻጩን ገንዘብ ሳትከፍል ስካነር ያለው ሰው ጋ አብራችሁ እንድትሄዱ ጠይቀው፤ ቀጥታ ንባቡ ላይ የትኛው ስዊች እንደዘገየ በደቂቃዎች ይታወቃል። ሻጩ መሄዱን እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

ሸራ_ይበቃል

ዜድ4ውን ተወው። የሰጠመ ሞተርና የተደፈነ ቱቦ ያለበትን ሸራ እኔም አልከላከልለትም።

ኪያቤ_13

ትርፍ ጎማ አለመኖሩ ብልሽት አይደለም። አር171 ብዙው የሚመጣው ከማሸጊያ ፈሳሽና ከትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር ነው፣ አንዳንዱም ሳይነፋ ታጥፎ የሚቀመጥ ትርፍ ጎማ አለው። የፈሳሹን ጠርሙስ ቀን እይ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደርቃል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይም አይሠራም፤ ስለዚህ ኤክስፕረሱ ላይ የተጎታች ስልክ ያዝ። ዜድ4ውም ትርፍ አልነበረውም፤ አየሩ ቢወጣም የሚሄድ ጠንካራ ጎማ ነው ይዞ የወጣው፣ ኮብልስቶን ላይ ወገብ ይቆርጣል።

ስካነር ላይ ስዊቹ መሆኑ ከተረጋገጠ ግዛው። እስኪሠራ ድረስ ጣራውን መንገድ ላይ አትክፈት፤ ነፋስ ባለበት ሜዳም አትክፈተው። ጣራው ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፣ ክንዶቹም ለዚያ አልተሠሩም። የግድ ከሆነ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙር።

እመሃል ቆሞ እምቢ ካለህ በጉልበት አትጫነው። መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍተህ አምስት ደቂቃ ጠብቅና ሞተር አስነስተህ ደግመህ ሞክር። ካልሆነ ከፖምፓው ላይ የግፊት ማስለቀቂያዋን በመኪናው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ፍታ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እኩል ያንሳው። ግፊቱ ሳይለቀቅ በአንድ ጎን የተጎተተ ጣራ ዘንጉን ያጣምማል፤ ያ ዘንግ ደግሞ እዚህ አይገኝም። ጣራው ካረፈ በኋላ የፊት መቆለፊያው በእጅ መግባቱን ሳታይ አትንዳ።

መጽሐፉ ከመኪናው ጋር መኖሩን ጠይቅ፤ ከሌለ ያንን ገጽ ከኢንተርኔት አውርደህ አትመህ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ክተት።